ግሪስ ስለተጣበቀ ጠንካራ ነው ማለት ነው? ጋራዥ ውስጥ እንዴት ይለካል?

አለቃ ከአዳማ

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ ውስጥ የጥገና ኃላፊ ነኝ። አሥራ አራት ተሳቢ ያላቸው መኪኖች አሉን። ሥራቸው ጅቡቲ ወደብ መመላለስ ነው። በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በሰመራ አድርገው በጋላፊ ይወጣሉ።

ባለፈው ወር ሁለት መኪኖች በአንድ ሳምንት ውስጥ መንገድ ላይ ቆሙብኝ። የመጀመሪያው ሚሌን እንዳለፈ ረዳቱ ጎማ ሊያይ ወርዶ የተሳቢውን የኋላ ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበትን መሐል) ሲነካ እጁን አቃጠለው። ጎትተን አመጣነው። ስፈታው ኩሽኔታው (ሞዞው የሚዞርበት ቤሪንግ) በሙቀት ሰማያዊ ሆኗል። ግሪሱ እንደ ሞተር ዘይት ቀጥኖ፣ ፓራውልዮውን (ግሪስ እንዳይወጣ የሚያግደውን ላስቲክ) አልፎ የፍሬን ሸራው ላይ ፈሷል። ሁለተኛውም ያው ነው። ፍሬን ሸራ ላይ ግሪስ ፈስሶ፣ ያ ሁሉ ጭነት ይዞ ቁልቁለት መውረድ ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ሁለቱም ላይ የገባው ከአዲስ ባልዲ የወጣ ግሪስ ነው። ባልዲው 15 ኪሎ ነው። ላዩ ላይ «ቁጥር 3» ይላል። ቀይ ነው። በሁለት ጣት ይዘህ ስትከፍተው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፣ ክሩ አይበጠስም። እኔም መጀመሪያ ሳየው ወድጄው ነበር። የመኪኖቹ ባለቤት ደግሞ እስካሁን አላመነኝም። «እንዲህ የሚጣበቅ ግሪስ እንዴት ይፈሳል? ልጆቹ ኩሽኔታውን አጥብቀውት ነው» ይላል። ልጆቹን አውቃቸዋለሁ። እንደዚያ አይሠሩም።

ጥያቄዬ ይኼ ነው። የግሪስ መጣበቅና የግሪስ ጥንካሬ አንድ ነገር ነው? ካልሆነስ ለየብቻቸው እንዴት ይለካሉ? ላቦራቶሪ መላኩን እልካለሁ። ግን ውጤት እስኪመጣ መኪና አይቆምልኝም። ጋራዥ ውስጥ ባለ ዕቃ ሁለት ግሪስ አወዳድሬ ለባለቤቱ በቁጥር ላሳየው እፈልጋለሁ።

ነባር መካኒክ

ልጄ አይዞህ። ሰው ሳይጎዳ መታወቁ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ሠላሳ ዓመት ከከባድ መኪና ሥር አልወጣሁም። በእኛ ጊዜ ግራሶ (ግሪስ) የሚታየው በጣት ነበር። አውራ ጣትና ሌባ ጣት መሐል ታደርገዋለህ፣ ታሸዋለህ፣ አሸዋ ካለው ይሰማሃል። ከዚያ ትጎትተዋለህ። ክሩ ከረዘመ ጥሩ ነው እንል ነበር። ቀለሙንም እናይ ነበር። ቀዩ ለሙቀት ነው፣ ቢጫው ለተራ ቦታ ነው ይባል ነበር።

አሸዋውን በጣት ማወቁ አሁንም ይሠራል። ስለ ክሩ ግን አንተ ያየኸው ነገር አሳስቦኛል። የሚያውቅ ካለ እኔም ልማር።

ሰናይት የላብ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን በደንብ አድርገህ ነው ያቀረብከው። ጋሼም ስላሉት ነገር አመሰግናለሁ። ዘጠኝ ዓመት የቅባት መፈተሻ ላብ ውስጥ ሠርቻለሁ። ግሪስ በጣቱ ጎትቶ «ይኼ ነው ግሪስ!» የሚል ሰው ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ታገሱኝ።

መጀመሪያ፣ አንድ አይደሉም። ማርና ቅቤን አስብ። ማር ይጣበቃል፣ ክር ይሠራል፤ ማንኪያውን ስታዘነብለው ግን ይወርዳል። የደጋ ቅቤ ጠዋት ላይ እንዳስቀመጥከው ይቆማል፤ ክር ግን አይሠራም። ጥንካሬ የምንለው መቆሙን ነው። መጣበቅ ሌላ ባሕርይ ነው። አንድ ግሪስ ሁለቱም ሊኖረው፣ አንዱ ብቻ ሊኖረው፣ ሁለቱም ሊጎድለው ይችላል።

ግሪስ ምንድን ነው? አብዛኛው ዘይት ነው። ከ70 እስከ 95 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ያንን ዘይት የሚይዘው ሳሙና ነው፤ ብዙ ጊዜ የሊቲየም ሳሙና። ገንፎ ውስጥ ውሃው አልጠፋም፣ ዱቄቱ ይዞት ነው የቆመው። ግሪስም እንደዚያ ነው። ጥንካሬውን የሚሰጠው በዋናነት ሳሙናው ነው። ክሩን የሚሰጠው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተጨማሪ ነገር ነው። ፖሊአይሶቡቲሊን የሚባል ረጅም ሰንሰለት ያለው ፖሊመር አለ። ትንሽ ጠብ ሲደረግበት ማንኛውም ግሪስ እንደ ተልባ ይዝለገለጋል። ሳሙናው ደካማ ቢሆንም ይዝለገለጋል። ጣትህን የሚያታልለው ይኼ ነው።

ቀለሙም ቀለም ነው። ቀይ ግሪስ ሁሉ ለሙቀት የሚል ሕግ የለም። አምራቹ የወደደውን ይቀባዋል።

አሁን ወደ ልኬቱ። ላብ ውስጥ ጥንካሬ የሚለካው በሾጣጣ ነው። ግሪሱ ጽዋ ውስጥ ይሞላል። 25 ዲግሪ ላይ እንዲረጋ ይደረጋል። ከዚያ መታሺያ የሚባል ነገር አለ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ሳህን ነው፣ ግሪሱ ውስጥ ይወርዳል ይወጣል። 60 ጊዜ ደርሶ መልስ፣ አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ። ከዚያ ላዩ በቢላዋ ይስተካከላል። የሾጣጣው ጫፍ የግሪሱን ፊት ለመንካት ያህል ይቀመጣል። ይህን ስሠራ ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ጥላውን እያየሁ ጫፉና ጥላው ሲገናኙ አቆመዋለሁ። ሾጣጣውና ዘንጉ አብረው 150 ግራም ናቸው። ይለቀቃል። ልክ 5 ሰከንድ በራሱ ክብደት ይሰምጣል። የሰመጠው ጥልቀት በሚሊ ሜትር አሥረኛ ይነበባል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አማካዩ ይወሰዳል።

ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ጋ ነው። ሾጣጣው ብዙ ከሰመጠ ግሪሱ ለስላሳ ነው። ስለዚህ የጥልቀቱ ቁጥር ሲያድግ ግሪሱ ይላላል። ባልዲው ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሲያድግ ይጠነክራል። ደረጃውን ያወጣው ኤን ኤል ጂ አይ የሚባለው፣ በ1933 የተቋቋመው የአሜሪካ የግሪስ ተቋም ነው። ከሦስት ዜሮ እስከ 6 ዘጠኝ ደረጃዎች አሉ። ቁጥር 1 ከ310 እስከ 340 ነው። ቁጥር 2 ከ265 እስከ 295። ቁጥር 3 ከ220 እስከ 250። ማለትም እውነተኛ ቁጥር 3 ከሆነ ሾጣጣው 22 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሰምጣል። ሦስት ዜሮው 445 እና ከዚያ በላይ ነው፤ ይፈሳል ማለት ይቻላል። 6ኛው እንደ ጠንካራ ሳሙና ነው።

ያ ቁጥር የሚወጣው ከ60 መታሸት በኋላ ነው። ያንተ ሞዞ ግን 60 ጊዜ አይደለም የሚያሸው። ከአዳማ ጋላፊ ስንት መቶ ሺህ ዙር ይዞራል? ለዚህ ነው ላብ ውስጥ 10 ሺህ እና 100 ሺህ ጊዜ አሽተን እንደገና የምንለካው። ጥሩ ግሪስ ትንሽ ይላላል፣ ከዚያ ይቆማል። መጥፎው እየላላ ይሄዳል። ባልዲው ላይ የተጻፈው ቁጥር 3 ውሸት ላይሆንም ይችላል። አዲስ ሆኖ ቁጥር 3፣ ከታሸ በኋላ ቁጥር 1 የሚሆን ግሪስ በእጄ አልፏል። እኔ ያንተን ግሪስ የምጠረጥረው በዚህ ነው።

ጋራዥ ውስጥ እንዲህ አድርግ። ሁለት ወፍራም ጠፍጣፋ መስታወት ፈልግ፤ ከመስኮት ሰሪ ቁራጭ ይገኛል። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አሸው፣ እጅ እንዳይቆርጥ። ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ግዛ። ጫፉን ቁረጠውና ልክ 2 ሚሊ ሊትር ግሪስ ሳብበት። አየር እንዳይገባ ተጠንቀቅ፤ አየር ከገባ ልኬቱ ዋጋ የለውም። መስታወቱ መሐል ላይ አውጣው፣ ሁለተኛውን መስታወት ጫንበት፣ የ2 ኪሎ የሚዛን ድንጋይ መሐሉ ላይ በቀስታ አስቀምጥ። 15 ሰከንድ ቁጠር። ድንጋዩን አንሳና የተዘረጋውን ክብ ስፋት በካሊፐር ለካ። በሁለት አቅጣጫ ለካው፣ ክቡ ሁልጊዜ ክብ አይሆንም። ሦስት ጊዜ ድገም።

ይኼ የላብ ቁጥር አይሰጥህም። ማወዳደሪያ ነው። ስለዚህ የምታምነው አንድ ቁጥር 2 እና አንድ ቁጥር 3 ግሪስ ያስፈልግሃል። በእነሱ መለኪያህን ታስተካክላለህ። አንድ ነገር ልንገርህ፦ የክቡ ስፋት ልዩነት ትንሽ ነው የሚመስለው። ጥንካሬው በግማሽ ሲቀንስ ክቡ በጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ነው የሚሰፋው። «5 ሚሊ ምን አላት» እንዳትል። ብዙ ናት።

ለማሸቱ ደግሞ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ በአጭር ቱቦ አገናኝ። ግሪሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ግፋ፣ መልስ። 60 ደርሶ መልስ አድርግና ለካ። ከዚያ 500 አድርግና ለካ። እጅ ይደክማል፤ ልጆቹን ተራ አስገባቸው። ሁለቱንም ግሪስ እኩል እሽ።

ሙቀት! ይህን ካላስተካከልክ ሁሉም ከንቱ ነው። ጠዋት የቀዘቀዘ ባልዲ እና ፀሐይ ላይ የዋለ ባልዲ አታወዳድር። ሁሉንም ናሙና፣ መስታወቱንም ጭምር፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት አራት ሰዓት አሳድር።

አሁን መጣበቁ። ጥንካሬ ከድሮ ጀምሮ መለኪያው ታውቋል። መጣበቅ ግን ሰው በጣቱ ሲፈርድበት ነው የኖረው። ላብ ውስጥ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ጠፍጣፋ ብረት ግሪሱ ላይ ይጫናል፣ ከዚያ በተወሰነ ፍጥነት ይነሳል፣ መሣሪያው ጉልበቱንና ርቀቱን ይመዘግባል። ሁለት ነገር ይታያል። አንደኛ፣ ለማላቀቅ የጠየቀው ትልቁ ጉልበት። ሁለተኛ፣ ክሩ ሳይበጠስ የሄደበት ርቀት። እነዚህ ሁለቱ አብረው አይሄዱም። ጠንካራ ግሪስ ትልቅ ጉልበት ጠይቆ ቶሎ ይበጠሳል። የተልባው ዓይነት በትንሽ ጉልበት ይጀምርና ክሩ አያልቅም።

ያንተ ጋራዥ ትራፓኖ (መብሻ) በማቆሚያው አለው? ካለህ እንዲህ ነው። ዲጂታል የኩሽና ሚዛን ትራፓኖው ሥር አስቀምጥ። ላዩ ላይ ከባድ ጠፍጣፋ ብረት አድርግ፣ ግሪሱ አብሮ እንዳያነሳው። ብረቱ ላይ ቀጭን ግሪስ ቀባ። ሚዛኑን ዜሮ አድርግ። ትራፓኖው ላይ ጭንቅላቱ በመፍጨት የተስተካከለ ብሎን እሰር፣ ሞተሩን ሶኬቱን ንቀል። በክንዱ አውርደህ ግሪሱ ላይ ጫን፤ ሚዛኑ 500 ግራም ሲያሳይ አምስት ሰከንድ ያዝ። ከዚያ በቀስታ፣ ሁልጊዜ በአንድ ፍጥነት አንሳ። ሚዛኑ ከዜሮ በታች ይወርዳል። በስልክ ቪዲዮ ቅረጸው፣ ዝቅተኛውን ቁጥር ከቪዲዮው ታነባለህ። ጎኑ ላይ ማስመሪያ ካቆምክ የክሩንም ርዝመት ታያለህ። ፍጥነቱ ከተለያየ ውጤቱ ይለያያል፤ ፈጥነህ ስትጎትት ጉልበቱ ይጨምራል። አንድ ሰው ብቻ ያንሳው።

ሲላቀቅ ብሎኑን አገላብጠህ እይ። ሁለቱም ፊት ላይ ግሪስ ከቀረ፣ የተበጠሰው ግሪሱ መሐሉ ላይ ነው። አንዱ ብረት ንጹሕ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ከብረቱ ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ብረቱ እርጥብ ሲሆን ይህን ብዙ አይቻለሁ።

መጨረሻ ላይ፣ ሞዞ ውስጥ ይህ ሁሉ ክር ለምን? ኩሽኔታ ሲዞር ግሪሱን ወደ ጎን ይገፋዋል። ጥሩ ግሪስ እዚያ ጎኑ ላይ ይቆምና ዘይቱን ጥቂት በጥቂት ይሰጣል። የሚዝለገለገው ግን በክሩ እየተጎተተ መልሶ ሮለሮቹ መሐል ይገባል። ይታሻል፣ ይሞቃል፣ ይላላል። መጣበቅ የሚጠቅመው ገላጣ ቦታ ነው። ተሳቢው የሚቀመጥበት ሳህን፣ የባልስትራ (መኪናውን የሚሸከመው ሞላ) ፒን፣ ሰንሰለት፣ ክፍት ጥርስ፤ ውሃና አቧራ የሚያገኘው ቦታ ሁሉ።

ጂሲ የሚል ምልክት ባልዲው ላይ ካለ ደስ ይለኛል። ለጎማ ኩሽኔታ የሚሰጠው የኤን ኤል ጂ አይ ምልክት ነው፤ መፍሰሱም ጭምር ተፈትኖ ነው የሚሰጠው። ቁጥር 3 የሚለው ብቻውን ስለ ጥራት አንድም ነገር አይናገርም። ውስጡ ያለው ዘይት ወፍራም ይሁን ቀጭን እንኳን አይናገርም።

ነባር መካኒክ

ልጄ ሰናይት፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሠላሳ ዓመት የያዝኩትን ነገር ዛሬ አስተካከልሽልኝ። የባልስትራ ፒን ላይ የተጣበቀው ይሻል እንደነበር ልብ ብያለሁ፤ ምክንያቱን ግን አላውቅም ነበር።

አንድ ልጠይቅሽ። 25 ዲግሪ ለምን? አፋር ላይ ጥላ ሥር እንኳ ከ40 በላይ ነው። ሞዞው ደግሞ ከዚያ ይብሳል።

ሰናይት የላብ

ጋሼ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። 25 ዲግሪ መገናኛ ነው፤ የትም ሀገር ያለ ላብ በአንድ ሙቀት ካልለካ ቁጥሮቹ አይነጻጸሩም። ሰመራ ላይ የሚሆነውን ግን አይነግርዎትም። ለዚያ ናሙናውንና መስታወቱን 60 ዲግሪ አካባቢ ውሃ ላይ አሙቆ ያንኑ የመስታወት ልኬት መድገም ነው፤ ውሃው ግሪሱን እንዳይነካው በላስቲክ ተጠቅልሎ።

ግሪስ የሚቀልጥበት ሙቀት የሚባል ሌላ ልኬትም አለ። ትንሽ ቀዳዳ ካለው ጽዋ የመጀመሪያዋ ጠብታ የምትወርድበት ማለት ነው። የተለመደው የሊቲየም ግሪስ 180 እና ከዚያ በላይ ላይ ነው የሚንጠባጠበው፤ ሊቲየም ኮምፕሌክስ ከ250 ይበልጣል። የድሮው የካልሲየም ግሪስ 100 ዲግሪ አካባቢ ይፈርሳል፣ ምክንያቱም ሳሙናውን የያዘው በውስጡ ያለው ጥቂት ውሃ ነው። ውሃው ሲተን አብሮ ያበቃለታል። ግን ጠብታው የሚወርድበት ሙቀት የሥራ ሙቀት አይደለም። ከዚያ በጣም ዝቅ ብሎ ነው መሥራት ያለበት።

እሳት ላይ ግን እንዳትሞክሩት፣ አደራ።

ወርክሾፕ ዱባይ

ሰላም ወገኖች። ዱባይ የከባድ መኪና ወርክሾፕ ውስጥ ነው የምሠራው። በሐምሌ እዚህ ያለውን ሙቀት ለአፋር ሰው መንገር አያስፈልግም።

እኅታችን ሰናይት ሁሉንም ብላዋለች። እኔ አንድ ልጨምር። አለቃ፣ አዲሱን ግሪስ ስትሞላ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ አጥበህ አውጥተሃል? የሊቲየም ግሪስ እና የፖሊዩሪያ ግሪስ (በሳሙና ፋንታ ፖሊዩሪያ በሚባል ነገር የወፈረ) ሲገናኙ ሁለቱም ጥሩ ሆነው ሳለ ድብልቁ ውሃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በቤንቶናይት (የሸክላ አፈር ዓይነት) የተሠራውም እንደዚሁ ከብዙዎቹ ጋር አይስማማም። እኛ ጋ አንድ ጊዜ ሦስት ሞዞ በዚህ ሄዶብናል። ስለዚህ ድብልቁንም በመስታወቱ ፈትነው። ግማሽ በግማሽ ቀላቅል፣ እሽ፣ ለካ። ድብልቁ ከሁለቱም ይልቅ ከላላ መልሱ እሱ ነው።

ሌላው ቀላል ነገር፣ የቡና ማጣሪያ ወረቀት ላይ እኩል እኩል ጠብ አድርገህ አንድ ቀን አሳድረው። ዘይቱ ወረቀቱ ላይ ቀለበት ሠርቶ ይዘረጋል። የትኛው ዘይቱን ቶሎ እንደሚለቅ ታያለህ። ጥቂት መልቀቁ ደግ ነው፣ ኩሽኔታው የሚኖረው በእሱ ነው። ብዙ ከለቀቀ ግን ሳሙናው ብቻውን ይቀራል።

አለቃ ከአዳማ

ወገኖቼ፣ ሦስት ቀን ጠፋሁ። እጅ በግሪስ ሆኖ ስልክ አይያዝም። አድርጌዋለሁ።

መስታወቱን ከመስኮት ሰሪው ጎረቤታችን አገኘሁ። የሚዛን ድንጋዩን ከሽንኩርት ነጋዴዋ ተዋስኩ፤ እቴቴ ምን እንደማደርግበት ስነግራት ቆማ አየች። ናሙናዎቹን ቢሮ ውስጥ አሳድሬ ቴርሞሜትር አኖርኩ። 24 እና 25 መሐል ነበር።

ውጤቱ ይኼ ነው። የሦስት ልኬት አማካይ ነው። ለብዙ ዓመት የተጠቀምንበት ቁጥር 3፣ ሳይታሽ 47 ሚሊ ሜትር ተዘረጋ። ከ60 በኋላ 48። ከ500 በኋላ 50። ለማወዳደሪያ የገዛሁት ቁጥር 2፣ ከ60 በኋላ 55።

ቀዩ ደግሞ ሳይታሽ 48 ነው። ልክ እንደ ጥሩው። ከ60 በኋላ 53። ከ500 በኋላ 64! ሦስት ጊዜ ደገምኩት። 64፣ 63፣ 65። ልጆቹ ስሪንጁን ሲገፉ ራሱ ታውቋቸው ነበር። መጀመሪያ ሁለት እጅ የሚጠይቀው ነገር 300 ላይ በአውራ ጣት ይሄድ ጀመር።

የመጣበቁም ነገር ሰናይት እንዳልሽው ነው። የጥሩው ግሪስ ክር 3 ሴንቲ ላይ ተበጠሰ። የቀዩ ክር ትራፓኖው እስከ ጫፉ ተነስቶም አልተበጠሰም፤ 11 ሴንቲ ነው የሚነሳው። ሚዛኑ ግን ለጥሩው 210 ከዜሮ በታች፣ ለቀዩ 140 ብቻ ነው ያሳየው። በጣት ስትይዘው የሚጠነክረው ቀዩ ይመስልሃል። በሚዛን ግን ተገላቢጦሽ ነው። እኔ በጣም የገረመኝ ሌላው ነገር ነው። 500 የታሸውን ቀይ መልሼ ስጎትተው ክሩ 4 ሴንቲ ላይ ተበጠሰ። ያ ሁሉ ተልባነት ጠፋ። ለምንድን ነው?

ዱባይ ያለኸው ወንድሜ፣ ሞዞዎቹ ታጥበው ነው የተሞሉት፣ ልጆቹን ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ድብልቁንም ሠራሁት፤ ከ60 በኋላ 51 ነው፣ በሁለቱ መሐል ነው። ስለዚህ ችግሩ ከድብልቅ አይደለም።

ትናንት ባለቤቱን ጠራሁት። አልተከራከርኩም። ስሪንጁን ሰጥቼው ራሱ እንዲገፋ አደረግኩ። ከዚያ ሁለቱን መስታወት ጎን ለጎን አስቀመጥኩለት። ካሊፐሩን ተቀብሎኝ ራሱ ለካ። ዝም አለ። ልጆቹን ጠርቶ ይቅርታ ጠየቃቸው። ከዚያ ቀዩ የገባባቸው የቀሩት አምስት ተሳቢዎች ከመውጣታቸው በፊት ሞዞአቸው እንዲፈታ አዘዘ።

ሰናይት የላብ

ወንድሜ፣ ይህን ሳነብ በጣም ደስ አለኝ። ንጹሕ ሥራ ነው የሠራኸው። ሦስት ጊዜ መድገምህ፣ ቴርሞሜትር ማኖርህ፤ ላብ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ ይህን እንዲለምድ ወር ይፈጃል።

ስለ ክሩ የጠየቅከው፦ ፖሊመሩ ረጅም ሰንሰለት ነው ብዬሃለሁ። ሲታሽ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል። የተቆራረጠ አይመለስም። ስለዚህ ክሩ የሚኖረው ባልዲው ውስጥ ነው፣ ሞዞው ውስጥ ብዙም አይቆይም። የሳሙናው ነገር ደግሞ ትንሽ ይለያል። ካሳረፍከው የተወሰነውን ጥንካሬ መልሶ ሊያገኝ ይችላል። የ500ውን ናሙና ክዳን ገጥመህ ነገ ለካው። ወደ 60 ሚሊ ሜትር ከተመለሰ አትደነቅ፣ ግን ኩሽኔታ ውስጥ ዕረፍት የለም።

ላብ ስትልክ እንዲህ አድርግ። ከባልዲው ላይኛውን ፊት ገፍተህ ከመሐል ውሰድ። ግማሽ ኪሎ ይሁን። ንጹሕ ክዳን ያለው ዕቃ፣ አየር ሳይገባበት። ከተበላሸው ሞዞ የወጣውንም ትንሽ ቢሆን ለብቻው ላክ፤ ለትንሽ ናሙና ሩብ መጠን ያለው ሾጣጣ አለ፣ ጥቂት ግሪስ ይበቃዋል። በደብዳቤው ላይ «ከ60 በኋላ» ብቻ እንዳይመልሱልህ «ከ100 ሺህ መታሸት በኋላም» ብለህ ጻፍ። የውጤት ወረቀቱ ላይ ቁጥር 3 የሚል ብቻ ካመጡልህ ከባልዲው የተለየ ነገር አልነገሩህም።

ነባር መካኒክ

አለቃ፣ ልጆቹን ይቅርታ መጠየቁ ትልቅ ሰው መሆኑን ያሳያል። የቀረውን ቀይ ግን ምን ልታደርገው ነው? ሻጩ አይመልስልህ ይሆናል።

አለቃ ከአዳማ

ጋሼ፣ አልመለሰም። ሁለት ባልዲ ከሩብ ቀርቶኛል። ሞዞ አይገባም። ባልዲዎቹ ላይ በነጭ ቀለም «ለሳህንና ለባልስትራ ብቻ» ብዬ ጽፌባቸው ከሌላው ግሪስ ርቀው ማዶ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። የግሪስ ፓምፑንም ለብቻው አድርጌለታለሁ፣ እንዳይቀላቀል።

ሰናይት፣ የ500ውን ናሙና ዛሬ ጠዋት ለካሁት። 61 ነው። ወደ ላብ የሚሄደው ናሙና ታሽጎ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ አዲስ አበባ የሚሄድ ሾፌር ከሰዓት በኋላ ይወስደዋል። የ100 ሺህውን አስጽፌበታለሁ። የሚዛን ድንጋዩን ለእቴቴ ልመልስ ስሄድ ደግሞ «ሌላ ጊዜም ስትለካ ውሰድ» አለችኝ።